ዝም ያለ ፔዳል ሁሉ የተቃጠለ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የጊታር ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጠው ትንሽ ሳጥን) ተረግጦ መብራቱ ሳይበራ፣ ድምፁም ሳይወጣ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ።» ይህ ፍርድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳይያዝ መሰጠቱ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ዲስቶርሽኑም ኮረሱም ዲሌዩም፣ የፔዳሉ ዓይነት ሁሉ፣ በአብዛኛው የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። የመዝሙር ባንዱም፣ የምሽት ክበቡም፣ ፒክአፕ የገጠመለት ክራርም የሚሠራባቸው እነዚሁ ናቸው። አንዱ ሲጣል ምትኩ በውጭ ምንዛሪ ነው። የሞተ ፔዳል ሲከፈት ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከሚሠራው ሰርኪዩት ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት በር ላይ ይገኛል፤ አዳፕተሩ፣ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ)፣ ወይም አንዲት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ)።

ከአዳፕተሩ ልጀምር፤ ፔዳል በመግደል የሚስተካከለው የለምና። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ዲሲ ነው። መሰኪያቸው ውጭው 5.5 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 2.1 ሚሊሜትር የሆነው ክቡ ዓይነት ሲሆን ኔጌቲቩ መሃል፣ ፖዘቲቩ ውጭ ነው። ቤት ውስጥ የሚገኙት አዳፕተሮች፣ በተለይ የዋይፋይ ራውተርና የጥበቃ ካሜራ፣ በብዛት ተቃራኒ ናቸው፤ ፖዘቲቩ መሃል ላይ ነው፣ ቮልቴጁም አብዛኛውን ጊዜ 12 ነው። መሰኪያው ግን ልክክ ብሎ ይገባል። መግባቱን ያየ ሰው ደግሞ ይሠራል ብሎ ያምናል።

የፔዳል ሠሪዎች ከሌላው ተለይተው ኔጌቲቩን መሃል ያደረጉት በከንቱ አይደለም። ፔዳሉ ላይ ያለው የአዳፕተር ጃክ ውስጡ ትንሽ ስዊች አለው፤ መሰኪያው ሲገባ የባትሪውን መስመር ይቆርጣል። ያ ስዊች ያለው የመሰኪያውን የውጭ ብረት በሚነካው ምላስ ላይ ነው። የባትሪውን ፖዘቲቭ በእሱ ለመቁረጥ የግድ ፖዘቲቩ ውጭ መሆን ነበረበት። ኔጌቲቩ የማይቆረጠው ሌላ ሥራ ስላለው ነው፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

አዳፕተሩ ላይ የተሣለው ምልክት ለማንበብ አይከብድም፤ በመካከል ነጥብ፣ ዙሪያዋን ያልተዘጋ ክብ፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ከነጥቧ ጋር በመስመር የተያያዘው የመሃሉ ነው፤ መቀነስ መሆን አለበት። ተቆርጦ የተቀጠለ ገመድ ስለሚበዛ ግን ምልክቱን ብቻ አትመኑ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ጫፍ ወደ መሃል ቀዳዳው አስገቡ፣ ጥቁሩን የውጩን ብረት አስነኩት። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ 9 አካባቢ ካለ ትክክል ነው። የመቀነስ ምልክት ከሌለው ለፔዳላችሁ አይሆንም። «9 ቮልት» ተጽፎበት 13 ወይም 14 ካሳየ ደግሞ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ የሌለው የድሮ ትራንስፎርመር ነው፤ ጭነት ሲያገኝ ወረድ ይላል፣ ግን ጉርምርምታው ከአምፑ አይጠፋም፣ ጥቂት ብቻ በሚስብ ፔዳል ላይም ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ይቆያል።

አምፔርን በተመለከተ ሰው የሚፈራው ተገልብጦ ነው። 2 አምፔር የተጻፈበት የ9 ቮልት አዳፕተር 10 ሚሊአምፔር የሚበቃውን ፔዳል አይጎዳውም፤ ፔዳሉ የሚስበው የሚፈልገውን ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ማነሱ ነው። ተራ ኦቨርድራይቭ ከ5 እስከ 10 ሚሊአምፔር ሲበቃው፣ ዲጂታል ዲሌይና ሪቨርብ ብዙ እጥፍ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ 300 ይደርሳሉ፤ 100 ሚሊአምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ሲሰካባቸው መብራቱ በርቶ ወዲያው ይጠፋል ወይም ድምፁ ይንተፋተፋል። ይህን የሞተ ፔዳል ብሎ መክፈት ድካም ነው። የቮልቴጅ ብልጫ ግን ይገድላል። ማክስ1044 የተባለችውን ቮልቴጅ የምታባዛ ወይም የምትገለብጥ አይሲ (ሙሉ ሰርኪዩት በውስጧ የያዘች ቺፕ) የያዙ ፔዳሎች አሉ፤ ይህች አይሲ ከ10.5 ቮልት በላይ አትችልም። የራውተር 12 ቮልት አቅጣጫው ተስተካክሎ ቢገባ እንኳ ይጨርሳታል።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ትውልድ የላይን 6 ዲኤል4 እና አሮጌው ዲጂቴክ ዋሚ 4 ዲሲ ሳይሆን ኤሲ ነው የሚፈልጉት፤ የእነሱን አዳፕተር ሌላ ፔዳል ላይ መሰካት ጥፋት ነው። በጀርማኒየም ትራንዚስተር የሚሠሩ አንዳንድ ፈዝ ፔዳሎች ደግሞ መሬታቸው (የሰርኪዩቱ የጋራ መስመር) ፖዘቲቭ ነው፤ በአንድ አዳፕተር ከሌሎች ጋር በሰንሰለት ከተያያዙ የጊታሩ ገመድ ራሱ ሾርት ያደርጋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላል።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጊታሩን በቀጥታ ወደ አምፑ ሰክታችሁ ሁለቱንም ገመዶች በየተራ ፈትሹ። ከዚያ ፔዳሉን በባትሪ ሞክሩት፣ የአዳፕተሩን መሰኪያ ነቅላችሁ። አዲስ አልካላይን ባትሪ ሲለካ ከ9 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ7 በታች የወረደውን ለዚህ ምርመራ አትጠቀሙበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኢንፑቱ (የጊታሩ ገመድ መግቢያ) ላይ ገመድ ካልተሰካ ባትሪው አይሠራም። የኢንፑት ጃኩ የስቴሪዮ ዓይነት ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረው በመካከለኛው ምላስ ላይ ሲሆን የጊታር ገመድ ሲገባ የመሰኪያው ረጅም አካል ያንን ምላስ ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ፔዳሉን የሚያበራው ይህ ነው። ስለዚህ ያ ምላስ ከተጣመመ፣ ወይም ስቴሪዮ መሰኪያ ያለው ገመድ ከገባ፣ ሰርኪዩቱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ፔዳሉ የሞተ ይመስላል።

በባትሪ ሠርቶ በአዳፕተር እምቢ ካለ ጥፋቱ አዳፕተሩ ወይም የአዳፕተር ጃኩ ነው። በአዳፕተር ሠርቶ በባትሪ እምቢ ካለ የባትሪ ክሊፑን ሽቦ፣ የኢንፑቱን ምላስ፣ ወይም ቅድም ያልኩትን የአዳፕተር ጃክ ስዊች ተመልከቱ፤ ይህ ስዊች ሲያረጅ ምላሱ ወደ ቦታው አይመለስም። በሁለቱም እምቢ ካለ መክፈት ነው።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ። ሳይረገጥም ድምፅ የሚያሳልፍ መሆን አለመሆኑ ብዙ ይናገራል። ዘጠኝ እግር ያለው ትልቅ ሜካኒካል ስዊች የያዙት ፔዳሎች ኤሌክትሪክ ባይኖርም የጊታሩን ድምፅ በቀጥታ ያሳልፋሉ፤ ባፈር የሚባል ሰርኪዩትና የኤሌክትሮኒክ ስዊች ያላቸው እነ ቦስ እና የኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ግን ኤሌክትሪክ ካጡ ጨርሶ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቦስ ፔዳል ምንም አያሳልፍም ማለት ገና ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ከማለት ብዙ አይርቅም። ባለ ሜካኒካል ስዊቹ ደግሞ በባይፓስ (ሳይረገጥ) ድምፅ ሰጥቶ ሲረገጥ ዝም ካለ ድምፁ የሚያልፍባቸው ገመዶችና ጃኮች ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ አገባብ፣ ሰርኪዩቱ ወይም ስዊቹ ውስጥ ነው።

ስትከፍቱ ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። በቦርዱና በታችኛው ክዳን መካከል ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ካለ አትጣሉት፤ የቦርዱ ብየዳ ብረቱን እንዳይነካ የሚከላከለው እሱ ነው። «ጠግኜው ስዘጋው ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የጃኩ ነት ላልቶ ጃኩ ሲዞር ሽቦው ይበጠሳል፤ ቦርድ ላይ የተበየደ ጃክ ከሆነ ደግሞ እግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብየዳ ስንጥቅ ይፈጠራል። በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ ስታደርጉት ድምፁ መጥቶ ከሄደ ስንጥቁ እዚያው አካባቢ ነው፤ በካውያ አሙቃችሁ ትንሽ ሊድ ጨምሩበት። 350 ዲግሪ አካባቢና ቀጭን 0.8 ሚሊሜትር ሊድ ይበቃል።

አሁን ወደ ዳዮዷ። በጣም በብዙ ፔዳሎች ውስጥ አዳፕተሩ በሚገባበት መስመር ላይ 1ኤን4001 ወይም የቅርብ ዘመዷ የሆነች ጥቁር ዳዮድ በፖዘቲቩና በመሬቱ መካከል ተበይዳለች። አቅጣጫው ትክክል ሲሆን ምንም አትሠራም። ሲገለበጥ ግን ራሷ ሾርት ሆና ቀሪውን ሰርኪዩት ታድናለች። 1 አምፔር የምትችል ናት፤ 2 አምፔር የሚሰጥ የራውተር አዳፕተር ጥቂት ከቆየባት ትቃጠላለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ሾርት እንደሆነች ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው አዳፕተር ቢመጣም ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወድቃል፤ መብራት ያለው አዳፕተር ከሆነ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እዚህ ደረጃ ላይ ነው ፔዳሉ «ቦርዱ ሄዷል» ተብሎ የሚጣለው።

ምርመራዋ አጭር ነው። ባትሪውንም አዳፕተሩንም አላቅቁ፣ ቴስተሩን የዳዮድ ምልክት ላይ አድርጉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ጤነኛ ዳዮድ በአንዱ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ያሳያል፤ በሌላው ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) እስኪሞሉ ቁጥሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ከቆመ አንድ እግሯን ከቦርዱ አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። ብቻዋንም ዜሮ ካለች ጥፋተኛዋ ተገኘች። በ1ኤን4001 ወይም በ1ኤን4007 ተኩ፤ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቩ ነው። ያለ እሷም ፔዳሉ ስለሚሠራ አንዳንድ ጠጋኝ አውጥቶ ይተዋታል፤ በእኔ ግምት ይህ ከጥገና አይቆጠርም፤ የሚቀጥለው ስህተት የሚወርደው በቀጥታ አይሲው ላይ ነው። ዳዮዷ ተሰንጥቃ ወይም ፈንድታ ክፍት ሆና ከተገኘች ግን ዜናው ከባድ ነው፤ ከእሷ በኋላ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችና አይሲው የተገለበጠ ቮልቴጅ ቀምሰዋል ማለት ነው። ከጃኩ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ቀጭን የመዳብ መስመርም እንደ ፊውዝ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ በትንሽ ሽቦ ይቀጠላል።

ጥበቃውን ማሻሻል ለሚፈልግ፣ 1ኤን5817 የምትባለውን ሾትኪ ዳዮድ በፖዘቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ ማስገባት ይቻላል። አቅጣጫው ሲገለበጥ ዝም ብላ ትዘጋለች፣ አትቃጠልም፤ የምትበላው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ተራዋ 1ኤን4001 በዚህ ቦታ 0.7 ያህል ትበላለች።

ኤሌክትሪኩ ገብቶም ፔዳሉ ዝም ካለ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ከጃክ መሬት ጋር አስራችሁ በቀዩ ተከተሉት። ለምሳሌ ቲዩብ ስክሪመር ቲኤስ9ን ብንወስድ ልቡ ባለ ስምንት እግሯ 4558 ኦፕአምፕ (ድምፁን የምታጎላ አይሲ) ናት። 8ኛው እግር ላይ 9 ቮልት ገደማ፣ 4ኛው ላይ ዜሮ፣ ሁለቱ መውጫዎች 1 እና 7 ላይ 4.5 አካባቢ መገኘት አለበት። ያ 4.5 የሚመጣው የ9 ቮልቱን እኩል ከሚካፈሉ ሁለት 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሲሆን አጠገባቸው 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። ግማሹ ቮልቴጅ ከሌለ ድምፅ የለም፣ ካለም የታነቀ ነው። የግማሹ ነጥብ 1 ወይም 2 ቮልት ብቻ ካሳየ ኤሌክትሪክ የምታፈስ ያቺ ካፓሲተር መሆኗን ጠርጥሩ፤ ስትተኩ የመቀነስ መስመሯ ወደ መሬት መሆኑን አትርሱ። የግማሹ ነጥብ ትክክል ሆኖ መውጫው 8 ቮልት ላይ ወይም ዜሮ አጠገብ ከተጣበቀ አይሲዋ ናት። ሌላ ፔዳል ላይ የእግሮቹ ቁጥር ይለያይ ይሆናል እንጂ አመክንዮው ያው ነው።

ስለ ርካሹ ቢጫ ቴስተር አንድ ማስጠንቀቂያ። የብዙዎቹ የውስጥ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም ብቻ ነው። በቲኤስ9 መግቢያ ላይ ያለው የትራንዚስተር ቤዝ ቮልቴጁን የሚያገኘው በ510 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ስለሆነ ቴስተሩ ራሱ ይጎትተዋል፤ 3 ቮልት ወይም ከዚያም በታች ብታዩ ጥፋት አገኘን ብላችሁ ጤነኛ ዕቃ አትንቀሉ። የአይሲ መውጫዎች ግን በዚህ ቴስተርም እውነቱን ይናገራሉ።

ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ሆኖ ድምፅ ከሌለ የድምፅ መከታተያ ሥሩ። አሮጌ የጊታር ገመድ አንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ መካከለኛው ሽቦ ላይ 104 የሚል የተጻፈባት የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በየዱ፤ የገመዱን መሬት በክሊፕ ከፔዳሉ መሬት ጋር አያይዙ፤ ሌላውን ጫፍ ዝቅ ባለ ቮሉም ወደ ትንሽ አምፕ ሰኩ። ካፓሲተሯ ዲሲው ወደ አምፑ እንዳያልፍ ትከለክላለች። ከስልክ ሙዚቃ ወደ ፔዳሉ ኢንፑት እያስገባችሁ በካፓሲተሯ ነፃ እግር ከመግቢያው ጀምሮ ዕቃ በዕቃ ንኩ። ድምፁ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም የሚባልበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ዕቃ ነው ተጠያቂው። ይህች መሣሪያ ከመሣሪያዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ናት፤ ስኬማቲክ (የሰርኪዩት ሥዕል) ለማያነብ ሰውም መንገድ ታሳያለች። በዚህ ሲሄዱ ነው ብዙ ጊዜ የቮሉም ፖቴንሽዮሜትሩ እግር ተሰብሮ፣ ወይም አንዲት ካፓሲተር ከብየዳዋ ተነቅላ የሚገኘው።

የእግር ስዊቹ ለብቻው ያረጃል። በኃይል ሲረገጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዘጠኙን እግሮች በሦስት በሦስት ከፍላችሁ በቴስተሩ ድምፅ ፈትሹ፤ መካከለኛው እግር በእያንዳንዱ ረገጣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መዞር አለበት፣ ሦስቱም ረድፎች አንድ ላይ። አዲሱን ስትበይዱ በአንድ እግር ላይ ከሦስት ሰከንድ አትለፉ፤ ውስጡ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ምላሱ ይጣመምና አዲሱ ስዊች ከአሮጌው ብሶ ያርፋል። በቦስ ዓይነቶቹ ከመርገጫው ሥር ያለችው ትንሿ ቁልፍ ናት የምትደክመው፤ ርካሽ ናት።

አይሲ መለወጥ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ መሆን የለበትም። ግድ ከሆነ እግሮቹን በፒንሳ ቆርጣችሁ አካሉን ካነሳችሁ በኋላ የቀሩትን አንድ በአንድ በካውያ አውጡ፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለማውጣት የሚታገል ሰው የቦርዱን የመዳብ ክቦች ይነቅላል። ሶኬት በይዳችሁ አይሲዋን ሶኬቱ ላይ አስቀምጡ። ለ4558 ምትክ ቲኤል072 በእግሮቹ ትገጥማለች፣ ድምፁ ግን በጥቂቱ ይለያል። ለሚንኮሻኮሽ ቮሉም ወይም ጃክ የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ክሊነር እንጂ ተራው ደብሊውዲ-40 አይመከርም፤ ቅባቱ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። የአሸዋ ወረቀትም የጃኩን ልባጥ ይገፋል።

ገደብም አለው። ጥቃቅን ዕቃ የታጨቀበት ዲጂታል ፔዳል ከሆነ ዳዮዱንና 5 ቮልት ወይም 3.3 ቮልት የሚሰጠውን ሬጉሌተር ፈትሹ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ልዩ መሣሪያ ላለው ሰው ስጡ። በቱቦ የሚሠሩ ፔዳሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዙ ስለሚችሉ ለጀማሪ አይሆኑም። አዳፕተሩን ራሱን ደግሞ አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው 220 ነው።

ለአዳፕተር ሻጮች አንድ ልመና አለኝ። ደንበኛው «9 ቮልት» ሲል «ለምን ዕቃ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነውን ለይታችሁ ባለቀለም ቴፕ ጠቅልሉበት። የባንድ ኃላፊዎችም በመድረክ ሳጥናቸው ውስጥ ያሉትን እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ በጥድፊያ መሃል ምልክት የሚያነብ የለም።

ፔዳሉን ወደ ጥገና የምትወስዱ ደግሞ ትሰኩበት የነበረውን አዳፕተር አብራችሁ ውሰዱ። ጠጋኙ ዳዮዷን ቀይሮ በራሱ ትክክለኛ አዳፕተር ሲሞክረው ይሠራል፤ እናንተ ቤት ገብታችሁ በአሮጌው ስትሰኩት እንደገና ያቺኑ ዳዮድ ያቃጥላታል።

ከአክብሮት ጋር
የድምፅ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ